ከምሳ በኋላ ይነገራታል

ቅዳሜ ጧት፣ ማንም ገና ሳያለቅስ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው ኮብልስቶን ዳር አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ አለ። ከፊት ያለው ባለ አራት ክፍል ቤት የጡረተኛው መኳንንትና የሚስቱ የየሺመቤት ነው። ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ ተከራይተዋል፤ ስለዚህ ልጃቸው ማሙሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ሥራ ይዞ፣ እጮኛ አግኝቶ፣ አሁንም ሳሎን ሶፋ ላይ ያድራል። ከጓሮ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ሰርቪስ ክፍል አለ፤ እሱ የመኳንንት ታናሽ እህት የጽጌማርያም ነው። «ነው» እንበል እንጂ ወረቀት የለውም። እናታቸው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት አገላብጣ ያስታመመቻቸው ጽጌማርያም ነበረች፤ እናትየውም ሊሞቱ ሲሉ «ይቺ ክፍል የጽጌ ናት፤ ማንም እንዳይነካባት» አሉ። ሲናዘዙ የሰሙት መኳንንትና የሺመቤት ናቸው፤ ሁለቱም «አሜን» ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ክፍሏን የነካ የለም። አንድ የሽቦ አልጋ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ቁም ሳጥን፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለ የዕድር ጃንጥላ፣ መሃሉ በዝናብ የረገበ የኮምፔንሳቶ ኮርኒስ። ባለቤቷ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሌላው ሁሉ ጤና ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የማሙሽ እጮኛ ማራኪ ወደዚህ ክፍል መመላለስ አብዝታ ነበር። በመጀመሪያ ጨው ፈልጋ መጣች፤ ጨው ግን የሚቀመጠው ማድ ቤት ነው። ቀጥሎ ባዶ እጇን መጥታ ኮርኒሱን ቀና ብላ አየችና «እቴቴ፣ ይሄ ቢነሳ ክፍሉ ከፍ አይልም?» አለች። ሌላ ቀን ደግሞ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ክሬም ቀለም ያምርበታል» ብላ ወጣች። ሌላ ሴት ብትሆን ነገሩ ያኔውኑ ይገባት ነበር። ጽጌማርያም ግን «እንዴት ያለች አሳቢ ልጅ ናት፤ ለኔ ክፍል ተጨንቃ» ብላ መረቀቻት። ስለ ቤት የሚጠረጥር አእምሮ አልነበራትም፤ አእምሮዋ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሙያ ተይዟል።

ሙያዋ መርዶ ነው። በሰፈሩ ሰው ሲሞትና ዘመዱ ሳይሰማ ሲቀር የሴቶች ዕድር የሚጠራው ጽጌማርያምን ነው። ማን ይንገር፣ ማን ከኋላ ቆሞ ይደግፍ፣ ስልኩን ማን ይደብቅ፣ «ትንሽ አሞታል» የሚለው የመጀመሪያው ቃል መቼ ይነገር፣ ሁሉም በእሷ ትእዛዝ ነው። ደንቧ ብዙ ነው፤ የሁሉም ራስ ግን አንድ ነው፤ ሰው ባዶ ሆዱን መርዶ አይሰማም።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በዚያ ቅዳሜ ጧት ማድ ቤት ቆማ ብርጭቆ ስታለቀልቅ ከጓሮ በመስኮቱ በኩል የወንድሟንና የሚስቱን ሹክሹክታ የሰማችው።

«ምሳ ሳትበላ እንዳትነግሯት» አለች የሺመቤት። «ባዶ ሆዷን ሰምታ እንዳትወድቅብን።»

«እኔ አፌ አይደፍርም» አለ መኳንንት። «ማሙሽ ይንገራት።»

«ታላቅ ወንድሟ እያለህ ልጅ ይንገራት? ነውር ነው። ጥግብ ስትል ቀስ ብለህ ትነግራታለህ። እኛም አጠገቧ ነን።»

«ብታለቅስስ?»

«ታልቅሳ። እዚያ ሰው በማያውቃት አገር ታልቅሳ። እዚህ ሆና ብትጮህ ዕድሩ በሙሉ ነው የሚሰበሰበው።»

ጽጌማርያም ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። አእምሮዋ ወዲያውኑ ሥራውን ጀመረ። ሊሞት የሚችል ማን አለ? ሰርኬ አለች። ሰርኬ ደጀን የምትኖር ታላቅ እህቷ ናት፤ አስም አለባት፤ ስልኳ ከሳምንት ወዲህ አይሠራም፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ተብሏል። ቤተሰቡ አንድም ቀን ከመርካቶ አሳልፎ ያልወሰዳትን ሴት በዚህ ሳምንት «አዲስ ዓለም ወስደን ታሪካዊ ቦታ እናሳይሽ» ማለቱስ? አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አላት። መርዶ በማለዳ ቁርስ አስቀምሶ ነው፤ በቤት ነው፤ በጉዞ ላይ አይደለም። ትንሽ አሰበችና እሱም ገጠመ፤ ድንኳን። ቀኑን ሙሉ ከቤት ሲያርቋት ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ወንበሩን ይደረድራል። እሷም ራሷ አንዲት ጎረቤቷን ድንኳን እስኪተከል ቤቴል ፀጉር ቤት ልካ አታልላታለች፤ ያቺ ሴት ሰልስት ድረስ ያለቀሰችው ካስክ ገብቶ በወጣ ፀጉር ነው። አዲስ ዓለም ከዚያ ይሻላል። «የሺ ሥራ ለምዳለች» ብላ በልቧ አደነቀች፤ ከዚያም እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። አውቄያለሁ ማለት አይቻልም። ሰዎች የደከሙበትን መርዶ ማበላሸት ትልቅ ነውር ነው።

ስለዚህ እንደ ባለሙያ ተዘጋጀች። ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። በላዩ ላይ ማራኪ ጦር ኃይሎች ያሳተመችውን ቢጫ ቲሸርት አጠለቀች፤ ደረቱ ላይ «የመኳንንት ቤተሰብ» የሚል አለበት፤ አንዱ አራት መቶ ሃምሳ ብር የወጣበት ነው፤ ሰፍቷት ስለነበር ጥቁሩን ደህና አድርጎ ሸፈነላት። ጥቁር ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቁርስ ሲቀርብ ፍርፍሩን በላች፤ አስደግማ በላች። ለቅሶ በባዶ ሆድ አይቻልም፤ ከዛሬ በኋላ ደግሞ መቼ እንደምትበላ አይታወቅም። የሺመቤት ይህን አይታ ለባሏ በዓይኗ «ደህና ናት» አለችው።

ሚኒባሱ የሰፈሩ ልጅ የአብራር ነው። አብራር በሥራ ቀን ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ይጭናል፤ ቅዳሜና እሑድ ኮንትራት ይሠራል፤ ለዚህኛው ነዳጁን ችሎ ስድስት ሺህ ተነጋግሯል። ጽጌማርያም እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ወንበር ስታመራ አራቱም በአንድ አፍ «ገቢና! ገቢና ግቢ!» አሏት። ማሙሽ በሩን ከፈተላት፤ ማራኪ ትራስ አመጣችላት፤ የሺመቤት የታሸገ ውኃ አቀበለቻት። ጽጌማርያም እያንዳንዱን ተቀብላ በልቧ ቆጠረችው። ገቢና፣ ትራስ፣ ውኃ። ሐዘንተኛ የሚያዘው እንደዚህ ነው።

በዊንጌት፣ በአስኮ አድርገው ቡራዩ ሲደርሱ የሺመቤት መስኮቱን ከፍታ «ቡራዩ አየሩ እንዴት ደስ ይላል» አለች። «በጣም እንጂ» አለ መኳንንት። «ኪራይም ደህና ነው» አለ ማሙሽ። «ሰዉም ጨዋ ነው ይባላል» አለች ማራኪ። አቧራና የከባድ መኪና ጭስ ገብቶ ሁሉንም አሳላቸው። የሺመቤት መስኮቱን መልሳ ዘጋችው፤ ሆለታ ደረሱ። እዚያ በመንገዱ ዳር በክምር የቆመ ድንች ያየችው የሺመቤት «ስንመለስ ድንች እንገዛለን፤ እዚህ ርካሽ ነው» ስትል ጽጌማርያም ክው አለች። የባሏ እህት ሞታ ድንች ይታሰባታል? ወዲያው ግን ራሷን ወቀሰች፤ ለለቅሶ ቤት አልጫ እኮ ነው። የሺ ሁሉንም አስባበታለች።

እዚያው ሆለታ ሌሎቹ ለሽንት ሲወርዱ ጽጌማርያምና አብራር ብቻቸውን ቀሩ። ቤተሰብን መጠየቅ ክልክል ነው፤ ሹፌርን መጠየቅ ግን የሚከለክል ደንብ የለም።

«አብራር፣ የኔ ልጅ፣ ምን ሊነግሩኝ እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

አብራር የተነሡበትን ጉዳይ ከማሙሽ ሰምቷል። ዓይኑን ከመሪው አላነሣም። «እትዬ ጽጌ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። በቤተሰብ ጉዳይ የለሁበትም።»

«ከባድ ነገር ነው?»

«ያው…» አለ አብራር። «ሁሉም ለበጎ ነው።»

ጽጌማርያም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በሙያ ዘመኗ ሁሉ «ለበጎ ነው» ሲባል የሰማችው ሰው ሞቶ ብቻ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

አዲስ ዓለም ደርሰው ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ወጡ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ቢጫ ቲሸርታቸው ላይ ነጠላ ደረቡ፤ የመግቢያውን መኳንንት ከፈለ። የሚያስጎበኛቸው ዲያቆን ወጣት ነበር፤ ንግግሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ጥያቄ አይወድም። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ስለነበር ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው እንደነበር፣ ቤተ መንግሥት መሠራት እንደ ጀመረ፣ ኋላ ባሕር ዛፍ ሲመጣና የማገዶው ነገር ሲቃለል ሐሳቡ እንደ ቀረ ነገራቸው። ማሙሽ ፎቶ ያነሣል። ማራኪ «እቴቴ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» ትላለች። ጽጌማርያም በሐዘኗ ቀን ሥቃ መገኘት ስላልፈለገች ከንፈሯን ጭምቅ አድርጋ ቆመች፤ በዚያ ቀን የተነሡት ፎቶዎች ሁሉ አንዲት ቢጫ የለበሰች ሴት የጥርስ ሕመም ይዟት የሚያሳዩ ናቸው።

«የተጀመረው ቤተ መንግሥትስ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች፤ ዝም ማለቱ አስጨንቋት እንጂ ቤተ መንግሥቱ አስጨንቋት አይደለም።

«ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለእመቤታችን ተሰጠ።»

«ደግ አደረጉ» አለች። «ቤት አንዴ ለሰው ከተሰጠ በኋላ መልሶ አለመንካት ነው ጥሩ።»

አራቱም ባዶ እግራቸውን አዩ። የሺመቤት ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ «ሳትሰማ አልቀረችም» አለች። መኳንንትን አላበው። ሲወርዱ እንደ ሌላው ጊዜ ከፊት ከፊት አልሄደም፤ ጫማውን ለማሰር ሦስት ጊዜ ቆመ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ምሳ የበሉት አስፋልቱ ዳር፣ ዱሬቲ የምትባል ደልደል ያለች ሴት በምትመራው ምግብ ቤት ግቢ ነው። ዱሬቲ ራሷ ታዛለች፣ ራሷ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ራሷ ከደንበኛ ጋር ትሟገታለች። ግቢው ሞልቷል፤ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። ለሌላው ፍርፍርና ሽሮ ታዘዘ፤ ለጽጌማርያም ብቻ ጥብስ መጣ። «ብይ እስቲ» ይላታል መኳንንት። «ጨምሪ» ትላታለች የሺመቤት። ማራኪ ታጎርሳታለች። ጽጌማርያም አላንገራገረችም፤ የቀረበላትን ሁሉ ጠርጋ በላች፤ እያንዳንዷ ጉርሻ ወደ ሰርኬ ሞት እንደምታቀርባት እያወቀች። ሳህኑ ባዶ ሆነ። የሺመቤት ባሏን በጉልበቷ ጎሸም አደረገችው።

መኳንንት ጉሮሮውን ጠረገ። «ጽጌ… እንግዲህ ያው ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው። አንድ የምንነግርሽ ነገር ነበረን…»

ጽጌማርያም ተነሣች። እጇን በሶፍት ጠረገች። ቢጫውን ቲሸርት በጭንቅላቷ አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ከሥሩ ጥቁር ወጣ። ነጠላውን ከቦርሳዋ አውጥታ ወገቧ ላይ አሰረች።

«አትቸገር ወንድም ጋሼ» አለች። «አውቄያለሁ። ሰርኬዬ ሞታለች።»

ከዚያም ለሌላው ሰው ስታስጀምር የኖረችውን ጩኸት ለራሷ አወጣችው። የሰርኬን የልጅነት ስም እየጠራች፣ ያዘለችበትን ጀርባዋን፣ የጠለፈችላትን ቀሚስ እያነሣች አለቀሰች። አሁን የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም፤ መኳንንትም ጮኸ። ስለ ሰርኬ ምንም የሰማው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ጽጌማርያም ስለ ሞት ተሳስታ አታውቅም፤ እሷ ሞተች ካለች ሞታለች። «የመኳንንት ቤተሰብ» የሚለውን ጽሑፍ በሁለት እጁ እየደቃ «ወይኔ እህቴ፣ ሳልጠይቅሽ» አለ። የሺመቤት ባሏ መርዶ ደብቋት የቆየ መሰላት፤ እሷም ነጠላዋን ጣለች። ማሙሽና ማራኪ ግራ ገብቷቸው ተያዩ፤ ዝም ማለት ስላላማረባቸው አለቀሱ።

ግቢው ተነሣ። አንዱ ሄዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ዱሬቲ የያዘችው ትሪ ከእጇ አመለጠ። የማያውቋቸው ሰዎች ምሳቸውን ትተው መጡ፤ ሴቶቹ ጽጌማርያምን በወገቧ ያዟት፤ ባርኔጣቸውን ያወለቁ አንድ ሽማግሌ ከማንም በላይ አምርረው አለቀሱ፤ የራሳቸውን ሰው አስታውሰው መሆን አለበት። ማንም ሳያዝ ወንበሮቹ በግድግዳው ጥግ ተደረደሩ።

መኪናውን ሲያጥብ የቆየው አብራር እጁ እንደረጠበ ገባ። «አላህ ያጽናችሁ» አለ አስቀድሞ። ቆየት ብሎ «ይቅርታ፣ መርዶውን ማን ነገራችሁ?» አለ።

መኳንንት ወደ ጽጌማርያም ጠቆመ። ጽጌማርያም ወደ መኳንንት ጠቆመች።

«አንተ ነህ እንጂ» አለችው። «ከምሳ በኋላ ትነግራታለህ ስትባል ማድ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ።»

አብራር ስልኩን አወጣ። «የሰርኬን ቁጥር በሉኝ» አለ፤ ማሙሽ ነገረው። ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ ስልኩ፣ እየሳለ።

«ሰርኬ?» አለች ጽጌማርያም።

«አቤት። ጽጌ ነሽ? ገና ዛሬ ነው እኮ ኔትወርኩ የመጣው። ምነው ድምፅሽ?»

«ሞተሻል ብለን እያለቀስንልሽ ነበር።»

«ማን ማን አለቀሰ?»

«ሁላችንም።»

«መኳንንትም?»

«ደረቱን እየደቃ።»

«እሰይ» አለች ሰርኬ፤ ሳሏ እስኪያልፍላት ጠበቁ። «የት ሆናችሁ ነው?»

«አዲስ ዓለም። ሊያስጎበኙኝ አምጥተውኝ።»

«አንቺን? ምን ፈልገው ነው?»

በስልኩ ድምፅ ማጉያ የወጣው ጥያቄ ግቢውን ሞላው። ከግድግዳው ጥግ የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። «እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር» አለች ዱሬቲ፤ የብርጭቆ ስብርባሪ በመጥረጊያ እየሰበሰበች።

«ክፍሉን ነው እቴቴ» አለ ማሙሽ በመጨረሻ፤ የሚያወራው ከሽሮው ጋር ይመስል ነበር። «ከሠርጉ በኋላ እኔና ማራኪ እንድንገባበት… ላንቺ ደግሞ ቡራዩ አንድ ክፍል አይተንልሻል። ኪራዩን እኛ እንችላለን።»

ጽጌማርያም ሣቀች። እህቷ በሕይወት አለች፤ ክፍል ምንድን ነው? ሆዷን ይዛ ሣቀች፤ ከያዟት ሴቶች አንዷም አብራ ሣቀች። የሺመቤት ትንፋሿ ተመለሰላት። «እንግዲያው ተስማማሽ ማለት ነው» አለች።

ሣቁ ቆመ። ጽጌማርያም ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ነጠላውን ከወገቧ ፈታችው።

«ንጉሡ ቤተ መንግሥት ተጀምሮላቸው አልተነሡም» አለች። «እኔ ለቡራዩ ነው የምነሣው?»

ቀጠለች፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ገቢና አስቀመጣችሁኝ። ትራስ ሰጣችሁኝ። ሥጋ አበላችሁኝ። ከጎረቤት አራቃችሁኝ፣ ብጮህ እንዳይሰማ። እኔ ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ስሠራው ነው የኖርኩት። የሞተው ማነው እያልኩ ስፈልግ ዋልኩ። ለካ እኔው ነኝ።»

መኳንንት ዓይኑ ገና ከሰርኬ እንባ አልደረቀም ነበር። ጠረገው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው እያጉረመረሙ ወደ ሽሯቸው ተመለሱ። ስልኩ ውስጥ ሰርኬ «ሃሎ? ሃሎ? ምን አለች?» ትላለች።

ሲመለሱ ጽጌማርያም ገቢና ገባች፤ ውረጂ ያላት አልነበረም። ሆለታ ላይ ድንቹ እንደ ተከመረ ነው፤ የሺመቤት አየችው፤ አቁም አላለችም። ቡራዩ ሲደርሱ ስለ አየሩ የተናገረ የለም። ማራኪ ከኋላ እጇን ዘርግታ የጽጌማርያምን ትከሻ ነካ አደረገች፤ ጽጌማርያም እጁን አላራገፈችውም፣ አልያዘችውም። አስኮን አልፈው ዊንጌት ሊገቡ ሲሉ መኳንንት ፊቱን ከመስኮቱ ሳያዞር «ማሙሽ» አለ።

«አቤት አባዬ።»

«ቤት ፈልግ።»

የሺመቤት ባሏን ዞራ አየችው፤ ከዚያ የቀኝ እጇን ጥፍሮች ማየት ጀመረች። አብራር ሬዲዮ ለመክፈት እጁን ዘርግቶ መለሰው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ማሙሽና ማራኪ ቤቴል፣ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። ክፍሉ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ከሰባ ነው፤ አልጋው ከገባ በኋላ በሩ እስከ ግማሹ ብቻ ይከፈታል።